የሳራ ሰላምታ

አውቶቡሱ ሚዛን ተፈሪ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሐሴት ሻርፗን በመስኮት ወርውራ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን የሁለት ሰው ወንበር ያዘች። ሻርፕ መወርወር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወለል ላይ ከወደቀ ይረገጣል። ወንበር ላይ ካረፈ ግን በቃ፣ ወንበሩ ተይዟል፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ቢመጣ አያስነሳም። የሐሴት ሻርፕ ሁለቱም መቀመጫ ላይ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ አረፈ። አንዱ የእሷ ነው፣ መስኮት ያለው የዓለምሸት።

ጊዜው 2005 ዓ.ም.፣ ወሩ ሰኔ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ፈተናቸውን ጨርሰው ሲዝናኑ ቲቸር ይስሐቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ከተራራ እስከ ባሕር ዳርቻ፣ የሁለት ቀን ጉብኝት» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

«ቲቸር፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው? እኛ ሳናየው መጣ እንዴ?» ብለው ልጆቹ ከበቡት።

«ሐይቅ ማለቴ ነው። ባሕር ሲባል ያምራል ብዬ ነው።»

ተራራው ጌጫ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ ከቴፒ ማዶ ጫካ ውስጥ ያለው። የመጀመሪያው ቀን ጌጫ ወጥተው ቴፒ ያድራሉ፣ በማግስቱ ሐይቁን አይተው ይመለሳሉ። ሐሴት ሁለቱንም አይታ አታውቅም። ለማየት የጓጓችው ግን ለብቻዋ አልነበረም። ከዓለምሸት ጋር ነው። ሁለቱ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ነው ያደጉት። አጥሩ ላይ የተከፈተችው ቀዳዳ እንኳ እነሱ ሲመላለሱ የሰፋች ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ ሚስጥር ነበራቸው። እስከ ጥር ድረስ።

በጥር ሳራ መጣች። አባቷ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሊያስተምር ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ነው። ረጅም ናት፣ ጥርሷ ነጭ ነው፣ ሞባይል አላት፣ ኢርፎን አላት። ይህ ሁሉ ይታለፍ። የማይታለፈው ግን ጥሩ ልጅ መሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን ሐሴት ተገላገለች፣ ቁጭ ብላ ታማት ነበር።

ዓለምሸት በባጃጅ መጣች። ከባጃጁ ቀድማ የወረደችው ግን ሳራ ነበረች።

«እዚህ ነው! ያዝኩልሽ!» አለች ሐሴት ሻርፑን እያነሳች።

ዓለምሸት ቆም አለች። «ሐስዬ፣ ለሳራ እኮ ቃል ገብቼላታለሁ። አገሩን አታውቀውም፣ መንገድ መንገዱን እንዳሳያት ብላኝ...»

«እና?»

«እና ከሷ ጋር ልቀመጥ። ትቀየሚኛለሽ?»

«እኔ? ምን ቸገረኝ!» አለች ሐሴት። ሻርፗን ሰብስባ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው።

መስኮት ያለው ወንበር ላይ ጌታሁን መጥቶ ዘጭ አለ። ጌታሁን መኪና ያዞረዋል። በአንድ እጁ የተቆረጠ ሎሚ፣ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል።

«መስኮቱን እኔ ልያዘው፣ ለሁላችንም ይሻላል» አላት።

እስከ ጌጫ ድረስ ሐሴት ያየችው መንገድ የጌታሁን ማጅራት ነው። የጆሮዋ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚባለውን ሁሉ ይለቅማል። «ያ ደግሞ ቡና ነው፣ ከሥሩ ያለው ኮረሪማ ነው» ትላለች ዓለምሸት። «ውይ፣ ኮረሪማ እንዲህ ከመሬት ነው እንዴ የሚበቅለው?» ትላለች ሳራ። «አዎ፣ አበባውን ብታዪው!» ሐሴት በልቧ፣ «ኮረሪማውን ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ አክስቷ ቤት ጓሮ፣ ሦስተኛ ክፍል እያለን» አለች። ለጌታሁን ልትነግረው ዞር ስትል ጌታሁን ፌስታሉ ውስጥ ነበር።

ጌጫ ሲደርሱ ጉም ወርዶ ከፊት ያለው ሰው ጀርባ እንኳ አይታይም ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቲቸር ይስሐቅ ተራራውን በጣቱ ያሳያል፣ ልጆቹ የሚያዩት ጣቱን ብቻ ነው። ሐሴት ከቤት ስትወጣ አስባበት ሁለት ሹራብ ይዛ ነበር፣ ምክንያቱም ዓለምሸት ሁልጊዜ ትረሳለች። ሁለተኛውን ከቦርሳዋ አውጥታ ዞር ስትል ዓለምሸት የሳራን ጃኬት ለብሳለች። ጃኬቱ ደግሞ ያምርባታል። ሐሴት ሁለተኛውን ሹራብ በመጀመሪያው ላይ ደርባ ለበሰችውና እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ሆና ዋለች።

«ሐሴት፣ በረደሽ እንዴ?» አላት ቲቸር ይስሐቅ።

«አይ ቲቸር፣ ሞቆኛል» አለች፣ እውነቷን ነው።

ማታ ቴፒ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሲያድሩ ዓለምሸትና ሳራ አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱን ጆሮ ለአንዷ፣ አንዱን ለሌላዋ አድርገው ሲስቁ ሐሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ተኛች ማለት ዓይኗን ጨፈነች ማለት ነው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ዙሪያውን ጫካ ነው፣ ውሃው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ዝም ብሏል። ሐሴት ሳራን አየቻት። ሳራ ላንጋኖም ሐዋሳም ሄዳለች፣ ለክፍሉ ሁሉ አውርታለች። አሁን «ይቺን ነው እንዴ ሐይቅ የምትሉት?» ትበልና እኔም የምላትን አውቃለሁ ብላ ተዘጋጀች። ሳራ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ከላንጋኖ ያምራል» አለች። «ማርያምን! እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም።»

ሐሴት የተዘጋጀችውን ስድብ መልሳ ዋጠችው። ስድብ ሲዋጥ እንደ ዓሣ አጥንት ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው እዚያው ዳርቻው ላይ ነው። ዓለምሸት ከወዲያ ማዶ ሆና ለሐሴት አፏጨችላት። ፉጨት ስላችሁ ዝም ብሎ ፉጨት አይደለም። የአገሩ ሰው የሚናገረው ቤንችኛ ቃሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ከፍ ሲል አንድ ነገር፣ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር የሚሆንበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ቢያፏጩት ሰሚ ይገባዋል። ገጠር ያሉት ከኮረብታ ኮረብታ እንዲህ ይጠራራሉ። ከተማ ያደገ ልጅ አፉ ቤንችኛ ቢችልም ከንፈሩ አይችልም። ሐሴትና ዓለምሸት ግን ክረምት ክረምት የዓለምሸት አክስት ዘንድ እየሄዱ ተምረውታል። እናቶቻቸው «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!» እያሉ ቢቆጡም በአጥሩ ቀዳዳ የሚጠራሩት በዚሁ ነው። ከክፍሉ ሁሉ የሁለቱ ብቻ ነበር።

ዓለምሸት «ነይ» ብላ አፏጨች። ሐሴት ልቧ ሞልቶ እየሮጠች ሄደች። ስትደርስ ሳራ አጠገቧ ቆማለች።

«ለሳራ እያሳየኋት ነበር» አለች ዓለምሸት። «ሐስዬ፣ አስተምሪያት እስኪ። አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ።»

«እባክሽ ሐሴት!» አለች ሳራ። «ሰላምታ ብቻ። ሰው ሳገኝ ሰላም የምልበት።»

ሐሴት ሳቀች። እንዲህ ዓይነቱን ሳቅ ያየ ሰው ቢኖር ይሮጥ ነበር። «እሺ፣ ነይ» አለችና ሳራን ለብቻዋ ወደ ዛፉ ሥር ወሰደቻት። መጀመሪያ «ቅማል አለብኝ» የሚለውን ልታስተምራት አሰበች፣ ግን እንዴት እንደሚፏጭ አታውቅም። ከዚያ አንድ በደንብ የምታውቀው ትዝ አላት። በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ያሉ ጠባቂዎች ዝንጀሮ ሲያዩ የሚያፏጩት ነው። ትርጉሙ «ዝንጀሮ ገባ! ድረሱ!» ነው።

«ይኸው፣ እንዲህ፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ ወደ ታች ጣል» አለቻት።

ሳራ ጆሮዋ ሹል ነው፣ በሦስተኛው ሙከራ ልክ አወጣችው። የሐሴትን ፉጨት ጅራቷን እንኳ ሳታስቀር ቀዳችው። የሐሴት የፊት ጥርስ ጫፉ ተሰብሯል፣ ስለዚህ ፉጨቷ መጨረሻ ላይ «ስ» የምትል ትንሽ ጅራት አላት። ሳራ ጅራቷን የፉጨቱ አካል መስሏት እሷንም ተለማመደች።

ሐሴት ያሰበችው ይህን ብቻ ነው፤ ሳራ ዓለምሸት ፊት ታፏጫለች፣ ዓለምሸት በሳቅ ትፈርሳለች፣ ሳራ ታፍራለች፣ ከዚያ ዓለምሸትና እሷ እንደ ድሮው አብረው ይስቃሉ። ሳራ ግን አላፏጨችም። «እውነተኛ ሰው ላይ ነው የምጀምረው» ብላ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሚዛን ሲመለሱ፣ ከተማው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጎማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ጋሽ ሸዋንግዛው ክሪኩን ፍለጋ ወንበር ሥር ሲገባ ልጆቹ ወረዱ። መንገዱ ግራና ቀኙ እሸት የያዘ በቆሎ ነው። ከላይ ኮረብታው ላይ አንዲት ሴትዮ ማማ ላይ ቁጭ ብለው ይታያሉ።

ሳራ አየቻቸው። ፀጉሯን አስተካክላ፣ አንገቷን ለሰላምታ ዝቅ አድርጋ፣ አፏጨች። ከፍ፣ ከፍ፣ ወደ ታች። ከነጅራቷ።

ማማው ላይ ያሉት ሴትዮ ተስፈንጥረው ቆሙ። ፉጨቱን ተቀብለው መልሰው አስተጋቡት። ከማዶ ኮረብታ ሌላ ሰው ተቀበላቸው፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ውሻ ጮኸ። ቆርቆሮ ተደበደበ። ከየበቆሎው መሐል ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው ዱላና ወንጭፍ ይዞ ወደ መንገዱ ተንደረደረ። ጌታሁን ሎሚውን ጥሎ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ለመውጣት ሞከረ።

«እንዴ!» አለች ሳራ ደስ ብሏት። «ሁሉም ሰላም ሊሉን ይመጣሉ እንዴ?»

ከልጆቹ ፉጨቱ የገባቸው ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው፣ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዓለምሸት ግን አፏን አልከፈተችም። ዞር ብላ ሐሴትን አየቻት። ያቺ ጅራት በዓለም ላይ የሐሴት ብቻ መሆኗን ታውቃለች።

ሰዎቹ ደርሰው ዝንጀሮ ቢፈልጉ የለም፣ ያለው አርባ ተማሪና አንድ የተነፈሰ ጎማ ነው። ይኼኔ ከኮረብታው ጀርባ እውነተኛ ጩኸት ተሰማ። ሰው ሁሉ ጠባቂነቱን ትቶ ወደዚህ ሲሮጥ እውነተኞቹ ዝንጀሮዎች በወዲያ በኩል ገብተዋል። ሮጠው ሲደርሱ ሦስት መደብ በቆሎ ተገንጥሎ፣ ግማሹ ተግጦ፣ ግማሹ ተረግጦ ጠበቃቸው። በቆሎው የማማዋ ሴትዮ ነው። እማማ በየነች ይባላሉ። አንድ የተጋጠ እሸት ይዘው ተመልሰው መጡ፣ እያለከለኩ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ሳራ። «ሰላም ልልዎት ነበር።»

ቲቸር ይስሐቅ ራሱን ያዘ። «ማን አስተማረሽ?»

ሳራ ሐሴትን አላየቻትም። መሬት መሬቱን እያየች፣ «ከሰው ሰምቼ ነው» አለች።

ሐሴት ይህን ጊዜ ልትሞት ደረሰች። ብትጠቁማት ኖሮ ትክዳት ነበር፣ ክህደቱን ከነቃሉ አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ሳራ ሸፈነቻት። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ዓለምሸት አጠገቧ ቆማ ምንም አለመናገሯ ነው። አልጠቆመችም፣ አልተቆጣችም። ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሐሴት አሁን ዝም ካለች ዓለምሸት ትታት እንደምትሄድ ከፊቷ አነበበችው። ወደ ሳራ አይደለም የምትሄደው። እንዲሁ ከእሷ ነው የምትሄደው።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች።

«ለምን?» አለ ቲቸር ይስሐቅ።

ሐሴት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ቀንቼ ነው» አለች።

«ቀናሽ?!» አለ ቲቸር ይስሐቅ ጮክ ብሎ።

እማማ በየነች አማርኛን የተማሩት ገበያ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ «ቀናሽ?» ማለት ተሸጠልሽ ወይ፣ ሰመረልሽ ወይ ማለት ነው። ሌላውን «ቀናሽ» ማንም አልነገራቸውም።

«ቀናት?» አሉ የተጋጠውን እሸት ወደ ሰማይ አንስተው። «የኔን በቆሎ ዝንጀሮ በላ፣ እሷን ቀናት? እንኳን ቀናት! እልል በሉላት እንጂ፣ ምን ቆማችኋል!»

አውቶቡሱ ሙሉ ልጅ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከጎማው ሥር ሆኖ ሲስቅ ክሪኩ ይንቀጠቀጣል። ሐሴት ብቻ አልሳቀችም፣ እማማ በየነችም ይባስ ተቆጡ።

ዓለምሸት ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰች። ወደ እማማ በየነች ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በቤንችኛ ታስረዳቸው ጀመር። ከአጠገባቸው የነበረችው ሐሴት ብቻ ስለሆነች የሰማችውም እሷ ብቻ ናት።

«እማማ፣ ቲቸር ቀናሽ ያሏት ሌላ ነው። ይቺ ልጅ ጓደኛዬ ናት። እኔ ከዚያችኛዋ ጋር ስሆን ሆዷ ተቃጠለ ማለቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስትቃጠል አይቻታለሁ። ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?» አሉ እማማ በየነች።

«ደስ ብሎኝ» አለች።

ሐሴት ጆሮዋን አላመነችም። ደስ ብሏት! እሷ እንደ ፍራሽ ተጠቅልላ ስትቆላ፣ ጌታሁንን ታቅፋ ስትሄድ፣ ያቺ ደስ ብሏት!

እማማ በየነች አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ከዚያ ንዴታቸው ሳይበርድ ከከንፈራቸው ጥግ አንድ ነገር ብልጭ አለ። «እንግዲያው ጥሩ» አሉ በቤንችኛ። «እኔ የተረፈውን በቆሎ ልሰብስብ። የተቃጠለችውና ደስ ያላት ማማዬ ላይ ይውጡና አንድ ሰዓት ይጠብቁልኝ።»

ለቲቸር ይስሐቅ ዓለምሸት የነገረችው «እኔና ሐሴት አንድ ሰዓት እንድንጠብቅላቸው ብለዋል» የሚለውን ብቻ ነው። ቲቸር ይስሐቅ ጎማውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «እኔም አብሬያቸው በቆሎ እሰበስባለሁ። እናንተ ውጡ» አለ።

«እኔስ?» አለች ሳራ። «ያፏጨሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለች ዓለምሸት።

ሁለቱ ማማው ላይ ወጡ። አራት እንጨት ላይ የታሰረ ርብራብ ነው፣ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሐሴት ለሁለት ቀን የተመኘችው ይኸው ነው፤ ዓለምሸት፣ ብቻዋን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ዓለምሸት ግን ጀርባዋን ሰጥታት በቆሎውን ታያለች።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለች ሐሴት።

«ሰማሽኝ።»

«ጆሮ አለኝ።»

«አዎ ደስ አለኝ። ሰው በአንቺ የተነሳ ሲጣላ ደስ አይልም? በአንቺ የተነሳ ሰው ተጣልቶ አያውቅም መሰለኝ።»

«አመሰግናለሁ!»

በታች ቲቸር ይስሐቅ ሱሪውን ሰብስቦ እሸት ይለቅማል።

«ከሷ ጋር ግን ምንድነው የምታወሩት?» አለች ሐሴት በመጨረሻ። ይህችን ጥያቄ ከጥር ጀምሮ ነው የያዘቻት። «እኔ የሌለኝ ምን አላት? ኢርፎኑ ነው?»

ዓለምሸት አሁንም አልዞረችም። «አንቺ የምትይውን ገና ሳትይው አውቀዋለሁ፣ ሐስዬ። ስትቆጪ የምትይውን፣ ስትስቂ የምትይውን። እሷ አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል አላውቅም። በቃ፣ ይኼው ነው።»

ሐሴትን ብትመታት ይሻላት ነበር። ጃኬቱን፣ ኢርፎኑን፣ ጥርሱን ሁሉ ስትቆጥር ከርማ፣ ይህን ግን አልቆጠረችም። የምትመልስላት ስድብ ፈለገች። ያገኘችውን ስድብ ሁሉ ደግሞ ዓለምሸት አስቀድማ ታውቀዋለች።

ስለዚህ የማታውቀውን ተናገረች።

«ሒሳቡን አልሠራሁትም» አለች።

«የቱን ሒሳብ?»

«የሚኒስትሪውን። ወረቀቱን ስገልጠው ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ዝም ብዬ አጠቆርኩ። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። እኔ የምወድቅ ይመስለኛል፣ ዓለሚ። አንቺና እሷ ዘጠነኛ ትገባላችሁ፣ እኔ እዚያው ስምንተኛ እቀራለሁ። ሳራ በጥር ስለመጣች ብቻ የቀናሁ መሰለሽ? እኔ የቀናሁት ገና በሚመጣው መስከረም ነው።»

ርብራቡ ተወዛወዘ። ዓለምሸት ዞራ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷን አዙራ ሐሴትን አየቻት፣ እንደማታውቃት ሰው።

«ከፈተናው ስትወጪ እኮ ቀላል ነው ብለሽ ዘልለሽ ነበር» አለች። «ለስላሳ ገዛሽልኝ!»

«ዋሸሁ።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ከታች የአውቶቡሱ ጡሩንባ ጮኸ። ጎማው ተቀይሯል። ሳራ መንገድ ዳር ቆማ ሁለት እጇን እያወዛወዘች፣ «ዓለሚ! ሐሴት! ልንሄድ ነው!» ትላለች። ዓለምሸት መሰላሉን ይዛ አንድ እግሯን አወረደች፣ ሐሴትም አበቃ አለች በልቧ። ዓለምሸት ግን እግሯን መልሳ አወጣችውና ተደላድላ ተቀመጠች።

«ቆይ፣ ይጠብቁ» አለች። «ስንቱን ነው በግምት ያጠቆርሽው?»

«ሃያ ሁለቱን።»

«ኧረ ጌታ ሆይ! ሃያ ሁለት?»

«ለሳራ ብትነግሪያት አልምርሽም።»

«አፌን ይቁረጠኝ። አንደኛው ጥያቄ ምን ነበር የሚለው? ከአንደኛው ጀምሪ፣ አብረን እንየው።»

ጡሩንባው ደግሞ ጮኸ። ሐሴትም ከአንደኛው ጥያቄ ጀመረች።